በቦሎኛ የሚማር ሰው የት ይብላ፣ የት ይዋል? ጥቂት ቦታ መርጦ ደንበኛ የመሆን መመሪያ

ለትምህርት ወደ ጣሊያን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ስለ ቪዛ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ ኪራይ ቤት የሚመክረው ሰው አያጣም። የት ገብቶ እንደሚበላ፣ ከክፍል ሲወጣ የት አረፍ እንደሚል፣ ምን ብሎ እንደሚያዝና ምን ያህል እንደሚከፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን ከስሮ ነው የሚማረው። ይህ መመሪያ ያንን ኪሳራ ለመቀነስ የተጻፈ ሲሆን፣ ስለ መላው ጣሊያን በጅምላ ከማውራት ይልቅ በአንዲት ከተማ፣ በቦሎኛ ላይ ያተኩራል። የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1088 እንደተመሠረተ የሚነገርለትና በአውሮፓ ካሉት ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚ የሚባል በመሆኑ፣ ከተማዋ ከተማሪ ጋር መኖርን ለዘመናት የለመደች ናት፤ ጣሊያኖች ስለ ምግብ ሲከራከሩም ስሟ አስቀድሞ ከሚጠሩት ከተሞች አንዷ ናት።

ከዝርዝሩ በፊት የጽሑፉን አቋም መግለጽ ተገቢ ነው። በቦሎኛ ጥሩና ርካሽ ለመብላት የሚያስፈልገው ረጅም የምግብ ቤቶች ዝርዝር አይደለም። ሁለት ነገሮች ይበቃሉ፦ የትኛው ዓይነት ቤት በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ከዚያም አራት ወይም አምስት ቦታ መርጦ በእነርሱ ዘንድ ደንበኛ መሆን። በየቀኑ አዲስ ቤት የሚያስስ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ እንግዳ ደግሞ በየትም አገር ከደንበኛ የበለጠ ይከፍላል።

አንደኛ፦ ቦታ ከመምረጥዎ በፊት ሰዓቱን ይወቁ

በአዲስ አበባ ምግብ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት ነው፤ በማንኛውም ሰዓት የራበው ሰው ገብቶ ይበላል። በቦሎኛ ይህ አይሠራም። ምሳ የሚቀርበው በአመዛኙ ከቀኑ 6፡30 እስከ 8፡30 ድረስ ነው፤ እራት ደግሞ ከምሽቱ 1፡30 ይጀምርና እስከ 4፡30 ገደማ ይቆያል። በሁለቱ መካከል የአብዛኞቹ ቤቶች ወጥ ቤት ተዘግቶ ሠራተኛው አርፎ ይውላል። እዚህ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ብጽፍም፣ በየበሩ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ በሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 19፡30 የሚለውን ሲያዩ ከምሽቱ 1፡30 መሆኑን ልብ ይበሉ።

ስለዚህ የትምህርት ፕሮግራምዎ እንደ ወጣ መጀመሪያ የሚመለከቱት ነገር ምሳ ሰዓት ላይ የትኛው ቀን ክፍል እንዳለዎት ይሁን። ከቀኑ 9 ሰዓት ከክፍል የሚወጡበት ቀን ካለ፣ በዚያ ቀን ተቀምጠው ትኩስ ምግብ የማግኘት ዕድልዎ ጠባብ ነው፤ የሚተርፍዎት በቁራጭ የሚሸጥ ፒዛ፣ ፒያዲና የሚባለው ቂጣ ወይም ከቤት የያዙት ምሳ ነው። ከዚህ ሌላ ብዙ ቤቶች በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙ ጊዜም እሑድ ወይም ሰኞ ይዘጋሉ። ደንበኛ ሊሆኑበት ያሰቡትን ቤት የመዝጊያ ቀን አስቀድመው ቢያውቁ፣ እንግዳ ይዘው ሄደው የተቆለፈ በር ከመጋፈጥ ይድናሉ።

ሁለተኛ፦ የጠዋት ባርዎን ይምረጡ

በጣሊያን ባር ማለት በዋነኛነት ቡና የሚጠጣበት ቤት ነው፤ ማታ መጠጥ ቢሸጥም ሕይወቱ ጠዋት ላይ ነው። ከቤትዎ ወደ ክፍል በሚወስድዎ መንገድ ላይ ካሉት ባሮች አንዱን ይምረጡ፤ ምርጫዎ የጌጥ ጉዳይ አይሁን። የሚታየው ምልክት ጠዋት ላይ የሰፈሩ ሰው፣ አናጺው፣ ፖስተኛውና ጡረተኛው ቆመው የሚጠጡበት መሆኑ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሲገቡ «ቦንጆርኖ» ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ ሳይሉ ማዘዝ ነውር ነው። በባቡር ጣቢያና ሰው በሚበዛባቸው ባሮች መጀመሪያ ካሳ በሚባለው ገንዘብ መቀበያ ላይ ይከፍላሉ፣ ደረሰኙን ይዘው ወደ ባንኮኒው ይሄዳሉ፤ በሰፈር ባር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠጥተው ሲጨርሱ ይከፍላሉ። ግራ ከገባዎት ከፊትዎ ያለው ሰው የሚያደርገውን ማየት ይበቃል። በባንኮኒው ቆመው የሚጠጡት ቡና ከ1 ዩሮ ከ20 ሳንቲም እስከ 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ገደማ ሲሆን፣ ያንኑ ቡና ተቀምጠው፣ በተለይም ፒያሳ ማጆሬን በመሰለ አደባባይ ዳር ካዘዙት ዋጋው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የቆመና የተቀመጠ ዋጋ የተለያየ መሆኑ የታወቀ ሥርዓት ነው።

«ኡን ካፌ» ብለው ካዘዙ የሚቀርብልዎ በትንሽ ስኒ ያለ ጠንካራ ኤስፕሬሶ ነው። ማኪያቶ ካዘዙ የሚመጣው ይኸው ቡና ጥቂት ወተት ጠብ ተደርጎበት ነው፤ በአዲስ አበባ የለመድነውን ዓይነት ወተት የበዛበትን የሚፈልግ ሰው ካፑቺኖ ይዘዝ። «ላቴ» ብቻ ብሎ ያዘዘ ሰው አንድ ብርጭቆ ወተት ይቀርብለታል። ከቡናው ጋር የሚበላውን በሮም ኮርኔቶ የሚሉትን ቦሎኛዎች ብሪዮሽ ይሉታል። ካፑቺኖ ከምሳ በኋላ መጠጣት ክልክል ነው የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው፤ ማንም አይከለክልዎትም፤ ሆኖም ያገሬው ሰው እንደማያደርገው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

እኛ ቡናን ከጨዋታ ጋር ስለምናያይዘው በዚህ አምስት ደቂቃ በማይሞላ የቁም ቡና ላይ መጀመሪያ ቅር ልንሰኝ እንችላለን። ይሁን እንጂ ደንበኝነት የሚጀመረው እዚሁ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ካዘዙ፣ አንድ ጠዋት ባለ ባሩ «ኢል ሶሊቶ?» ማለትም «እንደ ወትሮው?» ይልዎታል። ከዚያ ቀን በኋላ ኪራይ ቤት ሲፈልጉ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ሲጠፋ ወይም የመንግሥት ደብዳቤ ሳይገባዎት ሲቀር የሚጠይቁት ሰው አገኙ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ምሳን በርካሽ የሚበሉባቸውን ሦስት ዓይነት ቤቶች ይለዩ

የመጀመሪያው ሜንሳ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው መመገቢያ ነው። በቦሎኛ የተማሪዎችን ድጋፍ የሚያስተዳድረው ኤርጎ የተባለው የኤሚሊያ ሮማኛ ክልል መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ጎዳና ከቪያ ዛምቦኒ ብዙም በማይርቀው ፒያሳ ፑንቶኒ ያለው ሜንሳ ለዩኒቨርሲቲው ሰፈር ቅርብ ነው። የመመገቢያ ድጋፉ ከቤተሰብ የኢኮኖሚ አቅም ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህም የሚረጋገጠው ኢዜኤ በሚባለው ሰነድ፣ ቤተሰቡ ውጭ አገር ላለ ተማሪ ደግሞ «ኢዜኤ ፓሪፊካቶ» በተባለው ዓይነቱ ነው። የቤተሰብ ገቢና ንብረት ማስረጃ ተተርጉሞና በሚመለከተው አካል ተረጋግጦ መቅረብ ስላለበት፣ ማስረጃውን ከአገር ቤት ሳይወጡ ያዘጋጁ። ቦሎኛ ከደረሱ በኋላ በስልክ ዘመድ ማስቸገር አድካሚ ነው፤ የማመልከቻው ቀን ካለፈ ደግሞ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። የሜንሳው ምግብ ለወሬ የሚበቃ አይደለም፤ ነገር ግን ፓስታ ወይም ሾርባ፣ ሥጋ ወይም አትክልት፣ ዳቦና ፍራፍሬ ያለበት ሙሉ ምሳ ነው፤ የክፍል ጓደኛም የሚገኘው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፎርኖ፣ ዳቦ ቤቱ ነው። እዚህ በክብደት የሚሸጥ ፒዛና ፎካቻ የሚባለው ጠፍጣፋ ዳቦ አለ። ጣሊያኖች በኤቶ ያዝዛሉ፤ አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው፤ «ዱዌ ኤቲ» ካሉ 200 ግራም ተቆርጦልዎ በወረቀት ይጠቀለላል። ክሬሼንቴ የሚባለው የቦሎኛ ጨዋማ ዳቦ በዚሁ በፎርኖ የሚገኝ ሲሆን፣ በውስጡ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ እንዳለበት ይወቁ። ፒዛ በቁራጭ ለመብላት በቪያ ዴል ኢንዲፔንዴንሳ ያለው አልቴሮ ተማሪና ሠራተኛ የሚጋፋበት የታወቀ ቤት ነው።

ሦስተኛው ታቮላ ካልዳ ነው፤ የተዘጋጀ ትኩስ ምግብ በመስታወት ውስጥ ተደርድሮ በጣት እያሳዩ የሚያዝዙበት ቤት ነው። ቋንቋው ገና ላልገባው ተማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም፤ ምግቡን አይተው ስሙን ይጠይቃሉ፣ ስሙን ይዘው ይመለሳሉ።

አራተኛ፦ ገበያውን እንደ ምግብ ቤት ይጠቀሙበት

ከፒያሳ ማጆሬ ጎን ኳድሪላቴሮ የሚባሉት ጠባብ መንገዶች አሉ፤ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ አሣ ሻጩ፣ ሥጋ ሻጩና አትክልት ሻጩ ተጠጋግተው የሚነግዱባቸው ናቸው። ዛሬ በአመዛኙ ለጎብኚ ስለተዘጋጁ በየደጁ የተዘረጉት ጠረጴዛዎች ውድ ናቸው። ነገር ግን እዚያው መሐል፣ ቪኮሎ ራኖኪ በተባለችው ሰርጥ ውስጥ ኦስተሪያ ዴል ሶሌ አለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1465 ጀምሮ የምትታወቅ ስትሆን ምግብ አትሸጥም። እርስዎ ከጎረቤት ሱቅ ዳቦ፣ አይብ፣ ሞርታዴላ ወይም ፍራፍሬ ገዝተው ይገባሉ፣ ከቤቱ መጠጥ ብቻ ያዝዛሉ፣ ረጅሙ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጠው ይበላሉ። ምግብ ይዞ መግባት መብት፣ መጠጥ ማዘዝ ግን ግዴታ መሆኑን አይርሱ። ከጎንዎ ያለው ሽማግሌ ከምግቡ ቢጋብዝዎት አይግረምዎት፤ ጉርሻ ግን አይጠብቁ።

ለሳምንት አስቤዛ መርካቶ ዴሌ ኤርቤ ይሻላል። በቪያ ኡጎ ባሲ የሚገኘው ይህ ጣሪያ ያለው ገበያ እ.ኤ.አ. በ1910 የተከፈተ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ አትክልትና ፍራፍሬ፣ በጎንና በጎን ባሉት አዳራሾች ደግሞ ምግብ ቤቶች አሉት፤ ቀን ሽንኩርት የሚገዙበት ቦታ ማታ የወጣት መሰብሰቢያ ይሆናል። ሻጩ አትክልቱን ራሱ መርጦ ስለሚመዝን እጅዎን ዘርግተው አይንኩ፤ ቲማቲም መጨበጥ በአገር ቤት ጉልት ላይ የተለመደ ቢሆንም እዚህ ያስቆጣል። ቅዳሜ ጠዋት በሲኒማ ማኅደሩ፣ በቺኔቴካ ግቢ አጠገብ ገበሬዎች ራሳቸው የሚሸጡበት መርካቶ ሪትሮቫቶ ይቆማል፤ ዋጋው ከሱፐርማርኬት ከፍ ይላል፤ ጥራቱን ግን ቀምሶ ማወቅ ይቻላል። ኪሱ የጠበበ ተማሪ ከባቡር ጣቢያው በስተሰሜን ወዳለው ቦሎኚና ሰፈር ይሂድ፤ ቅመም፣ በርበሬ፣ ምስርና ሩዝ የሚሸጡ የእስያና የአፍሪካ ሱቆች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው።

አምስተኛ፦ አፔሪቲቮን በልኩ ይያዙት

ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ከተማው ከቤት ይወጣል። አፔሪቲቮ ማለት ከእራት በፊት አንድ መጠጥ ይዞ ትንሽ ነገር እየቆረጠሙ መጨዋወት ሲሆን፣ መጠጡ እንደ ቤቱ ከ5 እስከ 9 ዩሮ አካባቢ ያወጣል፤ ከእርሱ ጋር የወይራ ፍሬ፣ ድንች፣ አንዳንድ ጊዜም የፒዛ ቁራጭና ሰላጣ ይቀርባል። አልኮል የማይጠጣ ሰው «አናልኮሊኮ» ብሎ ይዘዝ፤ ማንም ምክንያቱን አይጠይቀውም። አንዳንድ ቤቶች ሰሃን ይዘው የሚነሱበት ቡፌ ስላላቸው ተማሪዎች እንደ እራት ይጠቀሙበታል፤ ይህ የሚቻለው አንድ ጊዜ አንስተው ሲመጥኑ ነው፤ ሰሃኑን ተራራ አድርጎ መመለስ ግን ቢያንስ ትዝብት ላይ ይጥላል።

የተማሪው አፔሪቲቮ በሁለት ቦታ ይታያል። ፒያሳ ቬርዲ በዩኒቨርሲቲው መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1763 ከተከፈተው የከተማው ኦፔራ ቤት ፊት ለፊት ያለ አደባባይ ሲሆን፣ ተማሪው መሬት ላይ ተቀምጦ ያመሻል። ቀን ደስ ይላል፤ ሌሊት ግን ስካርና የአደንዛዥ ዕፅ ሽያጭ ስለማይጠፋበት ስልክና ቦርሳን መጠበቅ፣ ሰዓቱ ሲገፋም መነሳት ያሻል። ማዘጋጃ ቤቱ ሌሊት ላይ በጠርሙስ መጠጥ ይዞ መዞርን የሚከለክል ደንብ በየጊዜው ስለሚያወጣ በየሱቁ የተለጠፈውን ያንብቡ። ቪያ ዴል ፕራቴሎ ግን በምዕራብ በኩል ያለች፣ ከዳር እስከ ዳር አነስተኛ መጠጥ ቤትና ኦስተሪያ የተሰለፈባት ጎዳና ናት፤ የአሮጌው ሰፈር ሰውና ተማሪው ተቀላቅሎ የሚታይባት በመሆኗ እኔ ከፒያሳ ቬርዲ ይልቅ እርሷን እመርጣለሁ።

ስድስተኛ፦ አንድ ኦስተሪያ ይዘው የቦሎኛን ምግብ በሥርዓቱ ይማሩ

ገንዘብ የሚወጣበት ቦታ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ሪስቶራንቴ በአብዛኛው ውዱ፣ ትራቶሪያ ቤተሰብ የሚመራው መካከለኛው፣ ኦስተሪያ ደግሞ በጥንቱ ልማድ ወይን ቤት የነበረው ነው፤ ዛሬ ግን ስሙ ብቻውን ስለ ዋጋ ምንም ስለማይነግር ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን የዋጋ ዝርዝር ሳያዩ አይግቡ። ፎቶግራፍ ያለበት፣ በአምስት ቋንቋ የተጻፈ ዝርዝርና ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠራ አስተናጋጅ ካዩ ይለፉት።

ለተማሪ ስሙ በብዛት የሚነሳው በቪያ ሜንታና ያለው ኦስተሪያ ዴል ኦርሳ ነው። ጠረጴዛው የጋራ ነው፤ ደጁ ላይ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉን ለማምለጥ ልክ ሲከፈት መድረስ ነው። ሙዚቃ የሚወድ ሰው በቪያ ማስካሬላ ያለውን ካንቲና ቤንቲቮሊዮን ይያዝ፤ ጃዝ እየሰሙ የሚበሉበት ምድር ቤት ነው፤ ለተማሪ ኪስ ግን በየሳምንቱ የሚሆን አይደለም።

የምግቡ ዝርዝር በቅደም ተከተል የተጻፈ ነው፦ መጀመሪያ አንቲፓስቶ የሚባለው መክፈቻ፣ ቀጥሎ ፕሪሞ የሚባለው ፓስታ ወይም ሾርባ፣ ከዚያ ሴኮንዶ የሚባለው ሥጋ፣ ከጎኑ ለብቻው የሚታዘዘው ኮንቶርኖ የሚባለው አትክልት፣ በመጨረሻም ጣፋጭ። ሁሉንም የማዘዝ ግዴታ የለብዎትም። አንድ ፕሪሞና አንድ ኮንቶርኖ ለተማሪ በቂ እራት ነው፤ ማንም ክፉ ዓይን አያይዎትም። ሴኮንዶ ካዘዙ ግን ሥጋው ብቻውን ስለሚመጣ አትክልቱን ለይተው ይዘዙ።

«ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» የሚል ነገር ቦሎኛ ውስጥ ከጎብኚ ቤት በቀር አያገኙም። የከተማዋ ምግብ ታሊያቴሌ በራጉ፣ ማለትም በተፈጨ ሥጋ ሶስ ነው። ታሊያቴሌ በእንቁላል ተቦክቶ በረጅም መዳመጫ የሚዘረጋና በቢላ የሚቆረጥ ፓስታ ሲሆን፣ ቦሎኛዎች ስለ ስፋቱ እጅግ ከመጨነቃቸው የተነሳ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተቀቀለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር መሆን እንዳለበት በከተማው ንግድ ምክር ቤት አስመዝግበዋል፤ የራጉውን አሠራር ደግሞ በ1982። ቶርተሊኒ በሥጋ የተሞላች ትንሽ ፓስታ ናት፤ በክሬም የሚያቀርብ ቤት ብዙ ቢሆንም ያገሬው ሰው የሚበላት በብሮዶ፣ ማለትም በሥጋ መረቅ ነው፤ በክረምት ብርድ የመጀመሪያዋን ማንኪያ የቀመሰ ሰው ለምን እንደሆነ ማስረጃ አይጠይቅም። ላዛኛቸው አረንጓዴ ነው፤ ሊጡ ከስፒናች ጋር ስለሚቦካ ነው። ሥጋውና ሶሱ ካለቀ በኋላ ሰሃኑ ላይ የቀረውን በዳቦ ጠርጎ መብላት በኦስተሪያ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ወጥ ሠሪዋን የሚያስደስት ነው፤ ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሒሳብ ሲመጣ ኮፐርቶ የሚል ከ1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም እስከ 3 ዩሮ የሚደርስ ክፍያ በየሰው ያያሉ፤ የዳቦና የጠረጴዛ ዋጋ ነው፤ በዝርዝሩ ላይ ተጽፎ እስካለ ድረስ መከራከር አይቻልም። ውኃ በጠርሙስ ይሸጣል። ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም፤ ጥሩ ከተስተናገዱ ዝርዝር ሳንቲሙን መተው ይበቃል። ጓደኞች አብረው ሲወጡ ሒሳቡን በሰው ቁጥር እኩል ማካፈል የተለመደ ነው፤ «እኔ ልክፈል፣ አይሆንም እኔ» የሚለው የእኛ ግብግብ እዚህ ግራ ያጋባል፤ ሊጋብዙ ከፈለጉ አስቀድመው ይናገሩ። ዓርብና ቅዳሜ ማታ ያለ ቀጠሮ ቦታ ስለማይገኝ ቀን ላይ ደጁ ጋ ሄደው «ኡን ታቮሎ ፔር ዱዌ፣ ስታሴራ» ማለትም «ለሁለት ሰው ጠረጴዛ፣ ለዛሬ ማታ» ብለው ያስመዝግቡ። በአካል መሄድ ስልክ ከመደወል የሚበልጠው ፊትዎን ስለሚያውቁት ነው።

ሰባተኛ፦ ጾመኛና ሙስሊም ተማሪ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች

በኤሚሊያ ምግብ ውስጥ የአሳማ ሥጋና ስቡ ከሚገመተው በላይ ተሰራጭቷል። ሞርታዴላና ፕሮሹቶ የአሳማ ሥጋ መሆናቸው ይታወቃል፤ የማይታወቀው ግን ራጉው ውስጥ ከበሬው ሥጋ ጋር ፓንቼታ የሚባል የአሳማ ሆድ ሥጋ የሚገባበት መሆኑ፣ የቶርተሊኒው ሙሌት ከአሳማ ሥጋ መሠራቱ፣ ክሬሼንቲኔ የሚባለው ቂጣ በአሳማ ስብ መጠበሱ፣ ፒያዲናም በልማድ ስትሩቶ በተባለው በዚሁ ስብ መቦካቱ ነው። «ሴንሳ ስትሩቶ» ማለትም «ያለ ስትሩቶ» ብለው ይጠይቁ፤ ብዙ የፒያዲና ቤቶች በወይራ ዘይት የተቦካም አላቸው።

ለጾመኛ ዋናው ወጥመድ እንቁላሉ ነው። የቦሎኛ ትኩስ ፓስታ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል የሚገባበት በመሆኑ፣ በቲማቲም ብቻ ቢቀርብም የጾም ምግብ አይሆንም። ከስንዴ ሴሞላና ከውኃ ብቻ የሚሠራውን ደረቅ ፓስታ፣ ለምሳሌ ፔኔ ወይም ስፓጌቲ በቲማቲም ያለ አይብ ይዘዙ፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» ካላሉ አይቡ ተነስንሶበት ይመጣል። ከፒዛ ወገን ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ያለበት ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ያለ ሥጋት የሚበላ ነው፤ ከዝርዝሩም ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው። የባቄላና የሽምብራ ሾርባ ጥሩ ቢሆንም በፓንቼታ መጀመሩንና አለመጀመሩን ይጠይቁ። ነገሩን ሁሉ በአንድ ቃል ለመጨረስ «ቬጋኖ» ማለት ይቻላል፤ በተማሪ ሰፈር ያሉ ቤቶች ቃሉን በደንብ ያውቁታል። ጄላቶ የሚባለው አይስክሬም ያማረው ጾመኛም ከፍራፍሬና ከውኃ የሚሠራውን ሶርቤቶ ይጠይቅ። የጄላቶ ቤት ሲመርጡ ደግሞ ፒስታኪዮው ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ፣ ክምሩም እንደ ደመና ከመስታወቱ በላይ ተነፍቶ ካዩ ይለፉ፤ ጥሩው ብዙ ጊዜ በክዳን በተሸፈነ ገንቦ መሰል የብረት ዕቃ ውስጥ ነው።

እንጀራ ሲናፍቅ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤት በቦሎኛ አይታጣም። ከተማዋ በተለይ ለኤርትራውያን የቆየ ትዝታ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከመላው አውሮፓ እየመጡ በየዓመቱ በዓል ያካሂዱባት ነበር። ሰፋ ያለ ምርጫ የሚፈልግ ሰው በባቡር ሚላኖ ሄዶ ፖርታ ቬኔሲያ ሰፈርን ይጎብኝ።

ስምንተኛ፦ ያለ ገንዘብ የሚዋልባቸውን ቦታዎች ይያዙ

ቦሎኛ ውስጥ ሳይከፍሉ መዋል ይቻላል፤ ለረጅም ቁጭታ ባር የማይመች መሆኑን ቀደም ብዬ ስለጠቀስኩ ምትኩን መናገር አለብኝ። ፒያሳ ኔቱኖ ላይ ያለው ሳላቦርሳ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በመሐሉ ያለው ሰፊ አዳራሽ በመስታወት ጣሪያ የተሸፈነ ሲሆን፣ ከወለሉ ሥር የሮማውያን ዘመን ከተማ ፍርስራሽ ይታያል። በክረምት ቤታቸው ማሞቂያ የሚቆጥቡ ተማሪዎች ቀኑን እዚያ ያሳልፋሉ፤ በፈተና ሰሞን ወንበር ለማግኘት ማልዶ መድረስ ነው።

አየሩ ሲሞቅ ጃርዲኒ ማርገሪታ ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ1879 የተከፈተ ትልቅ መናፈሻ ነው፤ በውስጡ የቀድሞው የማዘጋጃ ቤት የአበባ ማፍያ ቤቶች ሌ ሴሬ በሚል ስም ወደ ማጥኛና መዝናኛ ተለውጠዋል። ከቤት ምሳ ቋጥሮ ሣሩ ላይ መብላት የተለመደ ነው። ፒያሳ ማጆሬ ላይ በሳን ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ተቀምጦ ሰው ማየት ምንም አያስከፍልም፤ በበጋ ማታ ማታ ደግሞ ቺኔቴካው አደባባዩ ላይ ትልቅ ሸራ ዘርግቶ ፊልም በነፃ ያሳያል። ወንበር የሚገኘው ፀሐይ ሳትጠልቅ ለደረሰ ነው፤ እራትዎን ከፎርኖ በወረቀት አስጠቅልለው ይምጡ። ተማሪዎች ሳይመረቁ አደባባዩን በሰያፍ አያቋርጡም፣ አዚኔሊ ግንብ ላይም አይወጡም፤ ያደረገ አይመረቅም ይባላል። ግንቡን በተመለከተ ፈተናው ቀሏል፤ ጎረቤቱ የጋሪሴንዳ ግንብ ለመደርመስ ያሰጋል ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ አካባቢው ስለታጠረ መውጣቱም ቆሟል።

እሑድ ጠዋት ወደ ሳን ሉካ በእግር መውጣት የቦሎኛ ሰው የቆየ ልማድ ነው። ከፖርታ ሳራጎሳ እስከ ኮረብታው ጫፍ ያለው ባለ ጣሪያ መተላለፊያ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 666 ቅስቶችም አሉት፤ የከተማዋ ባለ ቅስት መተላለፊያዎች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ዝናብ ቢዘንብም ስለማያገኝዎት ጃንጥላ አያስፈልግም፤ ውኃ ግን ይያዙ።

ዘጠነኛ፦ ለነሐሴ አስቀድመው ይዘጋጁ

በፈረንጆቹ ኦገስት፣ በተለይ ፌራጎስቶ በሚባለው በ15ኛው ቀን ዙሪያ፣ ደንበኛ የሆኑባቸው ቤቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ «ኪዩዞ ፔር ፌሪዬ» ማለትም «ለዕረፍት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፈው ይሄዳሉ። የሰፈሩ ባር፣ ፎርኖውና ኦስተሪያው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ይዘጋሉ፤ ሜንሳውም አገልግሎቱን ይቀንሳል። በከተማ የሚቆይ ተማሪ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ ባለቤቶቹን መቼ እንደሚዘጉና መቼ እንደሚመለሱ ይጠይቅ፤ ዱቄት፣ ምስር፣ ደረቅ ፓስታና ቲማቲም ቤቱ ያስገባ። በዚያ ወቅት የማይዘጉት ሱፐርማርኬቶቹ፣ በቦሎኚና ያሉት የውጭ ዜጎች ሱቆችና የጄላቶ ቤቶቹ ናቸው።